ሰው ይዘዝልህ

(በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የወጣቶች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ)

እንደምን አመሻችሁ። አባቶችና እናቶች ከፊት ተቀምጣችኋል፤ ወጣቶቹ ደግሞ በዚህ ብርድ በር አጠገብ ናችሁ። ንግግሩ ከረዘመ ሹልክ ለማለት መሆኑ አልጠፋኝም። እኔም ተማሪ ሳለሁ የምቀመጠው እዚያው ነበርና አልቀየማችሁም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ለማያውቁት ሰው የተደረገ ደግነት ዋጋው ይመለሳል ወይ የሚል ነው። በላኩልኝ ወረቀት ላይ «ካርማ» የሚል ቃልም ነበረበት። ወጣቶች በየቀኑ በስልካችሁ ታዩታላችሁ፤ አንዱ ደሃ ገፍትሮ ሲያልፍ ይታያል፣ ወዲያው ራሱ ጭቃ ውስጥ ይወድቃል፣ ከሥሩ «ካርማ!» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ ግን ከዚህ ቀልድ የከበደ ነው። በሂንዱ፣ በቡድሃና በጄይን እምነቶች የሰው ሥራ ፍሬው ተከትሎት ይሄዳል፤ በዚህ ሕይወት ካላገኘው በሚቀጥለው ልደት ያገኘዋል። በብዙዎቹ ዘንድ ፈራጅ ዳኛ አያስፈልገውም። የቡድሃ መምህራን ደግሞ ክብደቱን ከሐሳቡ ላይ ያደርጉታል፤ ሳያይ የረገጠና ሆን ብሎ የረገጠ በእነርሱ ዘንድ አንድ አይደሉም።

ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። «ብድር በምድር» ሲባል እየሰማን አድገናል። ክፉ ሠርቶ ክፉ የገጠመውን «የእጁን አገኘ» እንላለን። የእኛ ልዩነቱ መዝገቡን የሚይዝ ባለቤት አለው ማለታችን ነው፤ የደሃ እንባ መሬት ወድቆ አይቀርም የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የመጣሁት ይህንን እምነት ላሞግስላችሁ ብቻ አይደለም። ደግነት ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ። ዋጋው ግን በሰጪው ስም ታሽጎ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። ይህን ያልተቀበለ ሰው ደግነቱ ከአራጣ ብዙም አይርቅም።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ ነው። መንዝን ለማታውቁት፣ ብዙው ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ዛፉ ጥቂት ነፋሱ ብዙ የሆነ አገር ነው። የሚበቅለው ገብስ፣ የሚረባው በግ፣ የሚነደው ኩበት ነው። እንዲህ ባለ አገር ሜዳ ላይ የመሸበት ሰው ሌሊቱን ላይዘልቀው ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ከደጅ «ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ መልሱ የታወቀ ነበር፤ «ቤት ለእንግዳ!»

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቀስ ብዬ ላሳያችሁ፤ ከእናንተ መካከል ያላየው ይበዛልና። ውሻው ይያዛል። እንግዳው ዱላውን ከበሩ ጥግ ያስደግፋል። ልጆች ከእሳቱ ዳር ተነስተን ቦታ እንለቃለን፤ እያጉረመረምን ነው ታዲያ። ውሃ ይሞቃል፤ በገበቴ ይቀርባል፤ ከልጆች አንዱ ተንበርክኮ እግሩን ያጥባል። የመንገደኛ እግር አጥባችሁ ታውቃላችሁ? ተረከዙ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ አፈር ገብቶ ደርቋል፤ ለብ ያለው ውሃ ሲነካው እንግዳው ጥርሱን ገጥሞ ትንፋሹን ይስባል፤ ቆይቶ ትከሻው ይላላል። ያጠበው ልጅ እግሩን ስሞ ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሙን ገና አልጠየቅነውም። የአገሩና የዘመዱ ነገር የሚነሳው እህል ከቀመሰ፣ ጠላ ከተጎነጨ በኋላ ነው። ለመኝታው መደቡ ላይ ቁርበት ይነጠፍለታል፤ ከላይ ዝተት ይለብሳል። ዝተት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ከባድ ልብስ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው በግ በግ ይሸታል፤ ግን ያሞቃል። ቤቱ ያለው አንድ ዝተት ብቻ ከሆነም ለእንግዳው ነው። አባወራው በጋቢው ተጠቅልሎ ያድራል።

ሊነጋጋ ሲል እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ብዙዎቹን ዳግመኛ አላየናቸውም።

እዚህ ላይ ወንዶቹን ቅር የሚያሰኝ ነገር ልናገር። ይህ ደግነት በአገሩ የሚጠራው በአባወራው ስም ነበር። «የእገሌ ቤት ከእንግዳ አይለይም» ይባላል፤ እገሌ ደግሞ ጢሙን እየዳበሰ ይሰማል። በዚያ ማታ ከመኝታዋ ተነስታ እሳት የቆሰቆሰችው፣ ለነገ ያስቀመጠችውን እንጀራ ያወጣችው፣ በማግስቱ የጎደለውን ለመሙላት ገብስ የፈጨችው ሚስቱ ናት። ስለ ደግነት ብድር ስናወራ መጀመሪያ ማን ምን እንዳወጣ በትክክል እንጻፍ። ብድር አለ ከተባለ ቀዳሚዋ ባለ ገንዘብ እርሷ ናት።

እርሷ ታዲያ ለምን ታደርገው ነበር? ስትጠየቅ የጽድቅ ነገር አታነሳም። «የእኔም ልጅ በሰው አገር ነው፤ ለእርሱም ሰው ይዘዝለት» ነበር የምትለው። ልጇ ወታደር ሆኖ ሄዷል፣ ወይም ትምህርት ፍለጋ ጎጃም ተሻግሯል። ዛሬ ደግሞ ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። እናት እዚያ ድረስ እጇ አይደርስም። ስለዚህ እጇ የሚደርስበትን፣ ደጇ ላይ የቆመውን ታበላለች። እንግዳው እንዲከፍላት አትጠብቅም፤ የምትጠብቀው ስሟን ፈጽሞ የማትሰማው አንዲት ሌላ ሴት፣ በማታውቀው አገር፣ ለልጇ በር እንድትከፍትላት ነው። በዚህ ንግግር ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሐሳብ አታገኙም፤ መውጣት የምትፈልጉ አሁን ብትወጡ አይቆጨኝም።

ሊቃውንቱም ወደዚሁ ሐሳብ የሚጠጋ ነገር በሒሳብ ቀምረው አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 ማርቲን ኖዋክና ካርል ሲግመንድ የተባሉ ተመራማሪዎች እንዳቀረቡት፣ ሰው ውለታ የሚውለው ለዋለለት ብቻ ሳይሆን ለሌላው ደግ መሆኑን ለሰማለት ሰው ጭምር ከሆነ መረዳዳት በማኅበረሰብ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል። መልካም ስም ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ የመንዟን እናት ግን አይሸፍናትም። መልካም ስሟ ቤይሩት አይደርስም። እርሷ የምትሠራው ስም በማይደርስበት ርቀት ላይ ነው።

እንዲህ ያለው ደግነት ምን ያህል ዘመን እንደሚሻገር ማየት ለሚፈልግ ከቆሎ ተማሪ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። ልጁ ከአባቱ ቤት የሚርቀው አውቆ ነው፤ ቅርብ ከሆነ ለእርሻና ለከብት ይጠሩታል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የውሻ መመከቻ ዱላ ይዞ በማያውቀው መንደር ደጅ ለደጅ ይዞራል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከአንዱ ቤት ቁራሽ እንጀራ፣ ከአንዱ ቤት እፍኝ ቆሎ፣ ከአንዱ ቤት የውሻ ንክሻ ይቀበላል። የለመነውን ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ የተረፈውን አድርቆ ድርቆሽ ያደርገዋል፤ ማታ ቀለሙን ይቀጽላል። ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን፣ ትርጓሜ መጻሕፍቱን ሁሉ ልዝለቅ ያለ ደግሞ ጎልማሳ እስኪሆን ድረስ በዚሁ ኑሮ ይቆያል።

አስቡት። ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ የትምህርት ሥርዓት ነው። የተማሪ ቀለብ በጀት የሚባል ነገር አልነበረውም። የቆመው በቁራሽ ነበር። ቁራሹን የሰጠችው ሴት ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ ልጁ የተማረውን ቅኔ ብትሰማው አይገባትም፤ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ወዴት እንደሄደም አልሰማችም። ዛሬ በየገዳሙ ያለው የብራና መጽሐፍ፣ በየበዓሉ የምንሰማው ማኅሌት፣ ኋላም በዘመናዊው ሥነ ጽሑፋችን ስማቸው የገነነ ብዙ ሰዎች የተነሱት ከዚያ ጎጆ ነው። በይፋት በኩል ያላችሁም ታሪኩ የራሳችሁ ነው፤ ደረሳው፣ የእስልምና ትምህርት ተማሪው ማለት ነው፣ ከመንደር መንደር ተሻግሮ የቀራው በማያውቁት ሰዎች ምግብ ነው። የነዚያ ሴቶች ስም የት ተጻፈ? የትም አልተጻፈም። ዋጋው ግን ለእኛ ደርሶ በጆሯችን እንሰማዋለን።

ከዚህም የሚሰፋ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ወደ አክሱም መጡ። በእስልምና ታሪክ እንደተጻፈው የመካ ገዢ ነገድ የሆኑት ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹን አሳልፈህ ስጠን አሉ። ንጉሡ፣ አስሐማ የሚሉት፣ በስደተኞቹ ስም የሚናገረውን ጃዕፈርን ጠርቶ ነገሩን ሰማ፤ ጃዕፈርም ስለ ማርያም የሚናገረውን የቁርዓን ክፍል አነበበለት፤ ንጉሡ እንግዶቹን አልሰጥም ብሎ ስጦታውን መለሰ። ንጉሡ ሲሞት ነቢዩ በሌለበት ጸሎተ ፍትሐት እንዳደረጉለትም ይነገራል። ሐበሾች ካልነኳችሁ አትንኳቸው የሚል ቃልም በሐዲስ ተላልፏል።

ብድር በምድር ማለት ይህ ነው ብለን እንዳንዘጋው ግን ታሪኩ አይፈቅድልንም። ከዘመናት በኋላ በዚሁ በሸዋና በይፋት ምድር ክርስቲያንና ሙስሊም ነገሥታት ተዋግተዋል፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ደም ፈስሷል። የአክሱም እንግድነት እንደ ዋስትና ወረቀት አላገለገለም። ሳይሰበር የቆየው ታሪኩ ራሱ ነው። ዛሬ ጃካርታ ያለ ሕፃን ስለ ሐበሻ ምድር ምናልባት የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር አንድ ንጉሥ የማያውቃቸውን ስደተኞች አሳልፌ አልሰጥም ማለቱን ነው። እዚህ ቤት የተሰበሰብነው ለዚያ ምንም አላዋጣንም፤ በአንድ ሰው ውሳኔ ግን እስከ ዛሬ እንከበራለን።

አሁን ወደማይጣፍጠው ነገር ልግባ። «የእጁን አገኘ» የሚለው አነጋገር ሁለት ስለት አለው። ግፈኛው ሲወድቅ ስንለው ደስ ይላል። አነጋገሩ ግን እዚያ አይቆምም። የታመመውን፣ የተሰደደውን፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ስናይም በልባችን «ምን አድርጎ ይሆን?» እንላለን። ዓለም ሁሉ በሥራው ልክ የሚከፈልበት ቦታ ከሆነ መከረኛ ሁሉ ጥፋተኛ ይሆናል። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ ኃጢአት የሠራው እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ? መልሱም እርሱም ወላጆቹም አይደሉም የሚል ነበር። ጥያቄው ግን ዛሬም አለ።

በእኛ አገር ይህ ፍርድ የከበደው በሥጋ ደዌ ታማሚዎች ላይ ነው። ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፤ በአባቶቻችን ዘመን ግን እርግማን ነበር፣ የዘር ነበር፣ የእጅ ዋጋ ነበር። ከዘመድ የተለዩት ጸበሉን ተስፋ አድርገው ደብረ ሊባኖስ ይሰበሰቡ ነበር። ይህን አስባችሁ የበላዔ ሰብን ታሪክ እንደገና ስሙት። የካቲት 16 በየዓመቱ ይነበባል፤ ስለለመድነው ጆሯችን ላይ ያልፋል። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላ ሰው በመንገድ የተጠማ ድውይ ያገኛል። ድውዩ በእግዚአብሔር ስም ይለምነዋል፤ እንቢ ይላል። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። በፍርድ ቀን ሰባ ስምንቱ ነፍስ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውሃ በሌላ ወገን ትመዘናለች፤ እመቤታችን ጥላዋን ብትጥልባት ውሃዋ ትደፋለች።

ሒሳብ የሚያውቅ ሰው በዚህ ታሪክ ይቆጣል፤ መቆጣትም አለበት። የሰባ ስምንቱ ሰዎች ዘመዶች ምን ይላሉ? እኔም ልጅ ሳለሁ መምህሬን ይህንኑ ጠይቄ የተሰጠኝ መልስ ኩርኩም ነበር። አሁን ሳስበው ታሪኩ የተነገረው ሚዛን ትክክል ነው ለማለት አይመስለኝም። ሚዛኑን ለማፍረስ ነው። ሁሉም «የእጁን አገኘ» ብሎ የተጠየፈውን ድውይ ወስዶ በፍርድ ቀን ዋና ምስክር ያደርገዋል። ሰው የናቀው ለማኝ የገዳዩን ነፍስ በጥርኝ ውሃ ያስታርቃል። ይህን ታሪክ በየዓመቱ እያነበብን ድውይ እናገልል ከነበረ፣ ያልሰማነው እኛ ነን።

ወደ ሌላ ነገር ልሻገር፤ ወደ ጥድፊያ። እ.ኤ.አ. በ1973 ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን አንድ ሙከራ አሳተሙ። በአሜሪካ ፕሪንስተን በሚገኝ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት 40 ተማሪዎችን ንግግር እንዲያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ይልኳቸዋል። ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። በመንገዳቸው ላይ አንድ ሰው በር ላይ ተጎንብሶ እያሳለና እያቃሰተ ተቀምጧል። ጊዜ አላችሁ ከተባሉት ከ100 እጅ 63ቱ ቆመው ረዱት፤ በመጠኑ ከተጣደፉት 45 እጅ፤ ረፍዶባችኋል፣ ሮጣችሁ ድረሱ ከተባሉት ግን 10 እጅ ብቻ። ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊሰብክ የሚጣደፈው ተማሪ የወደቀውን ሰው አልፎት ሄደ። የንግግሩ ርዕስ ያን ያህል ለውጥ አላመጣም፤ የወሰነው ሰዓቱ ነው። ይህንን ካነበብኩ ወዲህ ንግግር ላደርግ ስሄድ ቀደም ብዬ ነው የምነሳው፤ ዛሬም በጊዜ ደርሻለሁ።

የእኛ የእንግዳ ባህል የተወለደው በእግርና በበቅሎ ፍጥነት ነው። ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ቅፍለት ይሰፍር በነበረ ጊዜ፣ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ የግድ አንድ ቦታ ይመሽበታል። መንገዱ ራሱ ሰውን ከሰው ደጅ ያደርሰዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ያህሉን በግማሽ ቀን እንኳ ሳይሞላ ጨርሰን ቁርስ እንበላለን። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቦረቦረውን የጣርማ በር ዋሻ መኪናው በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ ከላይ ጉም ውስጥ የጠጉር ባርኔጣ ይዞ የቆመው ልጅ ፊቱ ሳይታየን ይቀራል። ደብረ ሲና ላይ አውቶብሱ ሲቆም ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ይከቡታል። አንዱ ተሳፋሪ ቆሎውን ተቀብሎ ኪሱን ሲዳብስ መኪናው ይነሳል። ልጅቷ ከጎን ትሮጣለች። ብሩን በመስኮት የሚወረውር አለ፤ ቀስ ብሎ መስታወቱን የሚዘጋም አለ። ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የዘጋውም ሰው ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ብታገኙት ጨዋ ሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ድሮ ደግ ነበርን፣ አሁን ተበላሸን የሚለውን ሙሾ አልወደውም። ልባችን የተለወጠ አይመስለኝም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። ለዚህም ምስክሬ ይቺው ከተማ ናት።

በ2014 ጥቅምትና ኅዳር ምን እንደሆነ ከእናንተ በላይ የማውቅ መስዬ አልናገርም። ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ኋላም ከአጣዬና ከሸዋ ሮቢት ሰው በእግሩ፣ በጭነት መኪና፣ ልጁን አዝሎ ወደዚህ ከተማ ጎረፈ። ግንባሩ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ እዚህ ያለውም ሰው ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ ነበር። በዚያ መሃል አንዲት ጠላ እየሸጠች የምትኖር፣ አንድ ክፍል ቤት የተከራየች ሴት አውቃለሁ። እናትና ሦስት ልጆችን አስገባች። ልጆቹ አልጋው ላይ በወርድ ተኙ፤ እርሷና እናትየዋ ጠላ መጥመቂያ ጋኑን አስወጥተው እርሱ የነበረበት ቦታ ላይ ተኙ። ጋኑ ሲወጣ ገቢዋም አብሮ ወጣ ማለት ነው። ስለ ደግነቷ ሳነሳባት ተቆጣችኝ፤ «እና ደጅ ላሳድራቸው ኖሯል?» አለችኝ።

በዚያው ሳምንት የክፍል ኪራይ ያስወደዱም ነበሩ። ያንን ትቼ ይህንን ብቻ ብነግራችሁ ታዝቡኛላችሁ።

ብድሩ ተመለሰ ወይ ትሉኛላችሁ። ደስ የሚል ታሪክ ከፈለጋችሁ አለ። እንግዶችን ያስጠለለ አንድ ቤተሰብ ልጁ ኋላ ደሴ በሚገኘው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ የቀድሞ እንግዶቹ መናኸሪያ ድረስ ወጥተው ተቀበሏት፤ ዛሬ እሑድ እሑድ ምሳዋ እነርሱ ቤት ነው። ጠላ ሻጯ ሴት ግን አንድ ጊዜ ስልክ ተደወለላት፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። ቅር አላት ወይ? በመጠኑ አዎ፤ ሰው ናት። ግን ቢመጡ ጋኑን እንደገና እንደምታስወጣ አልጠራጠርም።

ለእኔ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡት፣ ባቄሎና ቻይና ካምፕ በድንኳንና በመጋዘን ዓመታት ያሳለፉት፣ የአንድ ሌሊት እንግዶች አይደሉም። ባህላችን የተሠራው ማለዳ ለሚሄድ መንገደኛ ነው። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር እያሉ የሚያወርዱት አባቶቻችን ሦስተኛውን ቀን አስቀድመው ፈርተውታል። የማይነጋለት እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አልነገሩንም። መጀመሪያ ላይ እንጀራና ብርድ ልብስ ይዘን ሄድን፤ ጥሩ ነበር። ቆይተን ለበዓል ብቻ መሄድ ጀመርን። ቆይተን «እነዚያ ተፈናቃዮች» አልናቸው። ከዚያ ወደ «ምን አድርገው ይሆን?» ለመድረስ አንድ እርምጃ ነው የሚቀረው።

ለዓመታት እንግዳ የሚሰጠው ነገር ቁራሽ አይመስለኝም፤ ጎረቤትነት ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ጎረቤት መሆኑ የሚታወቀው በእድር ነው። የሞተ ዕለት ጡሩምባ የሚነፋለት፣ ድንኳን የሚተከልለት፣ ቀባሪ የማይቸግረው ሰው የአገሩ ሰው ነው። አንድ ተፈናቃይ አባት ሲያርፍ ቃሬዛውን የያዙት አብረውት የተፈናቀሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ አይቻለሁ። ከካምፑ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሦስት እድሮች ያሉበት ሰፈር አቋርጠው ነው የሄዱት። በየደጁ የቆመው ሰው ከንፈሩን መጠጠ፤ ነጠላውንም አዘቀዘቀ። አብሮ የተከተለ ግን አላየሁም።

ንግግሬ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። ጥያቄ ካለ እሞክራለሁ።

(ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁለቱ እዚህ ተካተዋል።)

አንዲት ወጣት፦ ዛሬ የማያውቁትን ሰው ቤት ማስገባት አያሰጋም ወይ?

ያሰጋል፣ የእኔ ልጅ። ድሮም ያሰጋ ነበር። አባቶቻችን የዋሆች አልነበሩም። ዱላው በሩ ጥግ የሚቀረው በከንቱ አልነበረም። እንግዳው እግሩን ሲታጠብ አንድ ልጅ ሹልክ ብሎ ጎረቤት ይላካል፤ «እንግዳ አለን» ይላል፤ ጎረቤቱም የሚሰማው ነገር ይገባዋል። ከእራት በኋላ የሚነሳው የአገርና የዘመድ ጥያቄም ምርመራ ነበር። አንቺ ብቻሽን የምትኖሪ ከሆነ ማንንም ቤትሽ አታስገቢ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ሰው አሳውቃችሁ፣ በቀን የምታደርጉት ብዙ ነገር አለ። ካምፕ ያሉት ልጆች ለፈተና ሲዘጋጁ የሚያስጠናቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ ይህ የማንንም በር አያስከፍትም።

የአንድ እድር ዳኛ፦ መምህር፣ የተናገሩት ልብ ይነካል፤ ግን መግቢያው ብዙ ገንዘብ ነው። ነባር አባላት ለዓመታት ከፍለው ያጠራቀሙት ነው። በነጻ እናስገባ ብል ከወንበሬ ያወርዱኛል።

እውነት ነው፤ ያወርዱዎታል። በነጻ ይግቡም አላልኩም፤ በነጻ የገባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚቀመጠው። መግቢያውን ከወርሃዊ መዋጮው ጋር በትንሽ በትንሹ እንዲከፍሉ ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ መጨመር ይቻላል። ከፍለው እስኪጨርሱ የገንዘቡ ድጋፍ ይቆይ፤ ጡሩምባው፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ቀባሪው ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይሁንላቸው። ድንኳኑ ከመጋዘን ወጥቶ ሁለት ቀን ቢተከል የሚጎድል ነገር የለውም፤ ሰዉም ለቀብር ሲወጣ የሚያወጣው ወጪ የለም። አባላቱ የሚከራከሩት በገንዘቡ ከሆነ ይህ ይመልስላቸዋል። በሌላ ነገር ከሆነ ደግሞ ምን እንደሆነ በስብሰባ ላይ በግልጽ ይናገሩት፤ ይመዝገብ።

ዳኛው በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ አጀንዳ ለማስያዝ ተስማምተዋል። የአንቀጹን ረቂቅ እኔ እንድጽፍ፣ የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ ነባሩን መተዳደሪያ ደንብ ቅዳሜ እንዲያመጡልኝ ተቀጣጥረናል።